የግንፍሌ ዳርቻ የድጋፍ ግንብ ጥገና፦ ለቅዳሜው የነዋሪዎች ውይይት ምን ይዘን እንግባ?

ግንፍሌ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

እንደምን አመሻችሁ። ሰፈራችን ከግንፍሌ ድልድይ ወረድ ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ነሐሴ ላይ የወንዙ የድጋፍ ግንብ ተደርምሶ ሠላሳ ሜትር ያህል ዳርቻ ያለ መከታ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ይናዳል። የአንዲት ጎረቤታችን እናት የጓሮ ጌሾ ከነሥሩ ወደ ወንዙ ወርዷል። አሁን ከማዕድ ቤታቸው ግድግዳ እስከ ገደሉ ጠርዝ ሁለት እርምጃ አይሞላም፤ ግድግዳውም ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል።

ዛሬ ከወረዳው የጥሪ ወረቀት በየበራችን ደርሶናል። «ስለ ግንቡ ጥገናና ስለ ነዋሪው የገንዘብ ተሳትፎ ለመወያየት» ይላል፤ ቅዳሜ ጠዋት በ3፡00 ሰዓት። ግንቡ ለምን እንደወደቀ ግን አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ምን ዓይነት ግንብ እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ ከተማው ምን ያህሉን እንደሚሸፍንም አይናገርም።

መዋጮን አልቃወምም፤ ሁለት ልጆች የማሳድገው እዚያው ዳርቻ ላይ ነው። የማልፈልገው ንድፉ አልቆ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ «ሕዝቡን አወያይተናል» ለማለት ብቻ መጠራትን ነው። እንደዚያ ከሆነ የሚቀርልን መፈረም ብቻ ይሆናል። ግንባታ የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ስብሰባ ያያችሁ፣ በሌላ አገር ከውሃ ጋር የኖራችሁ፣ ምን እንጠይቅ?

መሐንዲስ ከቀበና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ያው የጻፍሽው ይሁን፦ ግንቡ ለምን ወደቀ? ይህ ሳይመለስ የሚሠራ ግንብ እንደ ፊተኛው ይወድቃል፤ መዋጮውም አብሮት ይሄዳል።

ከቅዳሜ በፊት ሂጂና ስብርባሪውን ተመልከቺ። በግንቡ ፊት ላይ የውሃ ማስወጫ ቱቦዎች አሉ ወይ? ካሉስ በአፈርና በፌስታል ተደፍነዋል ወይ? ከኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መውጫ ካጣ ግንቡን ወደ ወንዙ ይገፋዋል። ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ሳይወድቅ ከቀረው ግንብ ጫፍ ሥር ጎንበስ በይ። መሠረቱ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ጥፋቱ የወንዙ ነው፤ ከሥር ቦርቡሮታል። ሁለቱም በአንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የተናደው ቦታ ወንዙ በሚታጠፍበት በውጭው በኩል ከሆነ ግን ቦርቡሮ መጣሉን ከአሁኑ እጠረጥራለሁ፤ ውሃ ሲታጠፍ ጉልበቱን የሚያሳርፈው በዚያ ወገን ነው።

የእኛ ወንዞች አጭርና ቁልቁል ናቸው። እንጦጦ አናት ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ላይ የዘነበው ታች ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ጣሪያው፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ እየበዛ በሄደ ቁጥር ወደ መሬት የሚሰርገው ያንሳል፣ ወደ ወንዝ የሚሮጠው ይበዛል። ስለዚህ የድሮውን ግንብ በድሮው ልክ መልሶ መሥራት በቂ ላይሆን ይችላል። «የተሰላው ለየትኛው ጎርፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቀድሞ ባሕርተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጄ፣ መሐንዲሱ ስለ መሠረቱ የጻፈው ትክክል ነው። እኔ ወጣትነቴን በምፅዋ በባሕር ኃይል ነው ያሳለፍሁት። በባሕር ዳር ያለ ግንብ ፊቱ ደህና መስሎ ይታያል። ማዕበሉ ፊቱን መትቶ ሲመለስ ወደ ታች ይወርድና ከእግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል። ላይ ላዩን በየዓመቱ ኖራ የተቀባ ግንብ አንድ ቀን ከነቀለሙ ይዘረራል። ስለዚህ ከግንቡ እግር ፊት ለፊት ትልልቅ ድንጋይ ይከመርለታል፤ የማዕበሉን ጉልበት የሚሰብረው እሱ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ከግንቡ ቁመት ይልቅ ስለ እግሩ ጠይቁ። ምን ያህል ጥልቀት ይቆፈራል? ከፊቱስ ምን ይነጠፋል? ቁመቱ ለሁሉም ይታያል፤ ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው ከመሬት በታች ያለው ነው።

የቀበሌ ቤት ነዋሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ኪራይ እከፍላለሁ። አጠገቤ ባለ ይዞታዎች አሉ፣ ከእነሱ ግቢ ውስጥ ደግሞ ክፍል የተከራዩ ወጣቶች አሉ። መዋጮው «በቤት ቁጥር» ከተባለ እኔና ባለ ይዞታው እኩል ልንከፍል ነው። ግንቡ ሲሠራ የእሱ ቦታ ዋጋ ይጨምራል፤ የእኔ አከራይ ግን ራሱ ገንዘብ የሚጠይቀኝ አካል ነው። ለአከራዬ ንብረት ጥበቃ እኔ ለምን እከፍላለሁ?

ሌላም አለ። ከተማው በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማቱን ሲጀምር 56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ተብሎ ነበር። ‹ገበታ ለሸገር› ላይ አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ለዚሁ ነው። የእኛ ሠላሳ ሜትር በዚያ ዕቅድ ውስጥ ካለ ወጪው አብሮት መኖር አለበት። ዳርቻው ለመናፈሻ ተፈልጎ እኛ የምንነሣ ከሆነም አሁኑኑ ይነገረን። ነገ ለሚፈርስ ቤት መከታ ዛሬ ከአፋችን ነጥቀን አናዋጣም። ይህን የምለው በክፋት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሐሳብ እንቅልፍ አጥቼ ነው።

ከሮተርዳም
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ያደግሁት አራት ኪሎ ነው፤ አሁን የምኖረው ሆላንድ። እዚህ ከአገሩ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ «ማን ይክፈል፣ ማን ይወስን» የሚለው ጥያቄ ለዘመናት የተለፋበት ነው።

በፈረንጆቹ 1953 ጥር 31 ሌሊት የሰሜን ባሕር ማዕበል ግድቦቹን ጥሶ 1,836 ሰው ገደለ፤ በእንግሊዝም 307 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ታላላቅ መከላከያዎች ተሠሩ። የውሃ ጉዳይ የሚተዳደረው ግን በ21 የውሃ ቦርዶች ነው፤ ሥራቸው ውሃና ግድብ ብቻ ነው። በየአራት ዓመቱ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ አባላቱን ይመርጣል። የሆላንድ ዜጋ ያልሆነ ሕጋዊ ነዋሪም ይመርጣል። ቦርዱ የራሱን ግብር ይሰበስባል፤ የክፍያ ወረቀቱ በየዓመቱ ወደ ቤቴ ይመጣል። የቀበሌ ቤት ነዋሪው ላነሣው ጥያቄ መልሳቸው ይህ ነው፦ እዚያ የሚኖር ሁሉ ጥቂት ይከፍላል፤ የቤትና የመሬት ባለቤት ደግሞ በንብረቱ ልክ ተጨማሪ ይከፍላል። ተከራይና ባለቤት እኩል አይጠየቁም።

ለዋና ዋናዎቹ ግድቦች ማጠናከሪያ ግማሹን መንግሥት ይችላል፣ ግማሹን ቦርዶቹ። ከጠቅላላው ወጪ 40 በመቶው ሁሉም ቦርዶች በጋራ የሚያዋጡት ሲሆን፣ ግድቡ ያለበት ቦርድ ለብቻው የሚከፍለው 10 በመቶውን ነው። ያቺ አሥር በመቶ ሥራው እንዳይባክን ባለቤቱን ታተጋዋለች፣ ነገር ግን አትሰብረውም። ከባሕሩ ርቆ ያለውም ይከፍላል፤ ግድቡ ከተሰበረ ውሃው እሱ ዘንድም ይደርሳል።

የእንግሊዝ ነገር ግን ያሳዝነኛል። በፈረንጆቹ 2011 ያመጡት አሠራር መንግሥት የሚረዳውን ሥራው በሚያስገኘው ጥቅም ልክ አስልቶ፣ የጎደለውን ከአካባቢው ፈልጉ የሚል ነበር። ብዙ ቤት ያለበት ከተማ በቀላሉ ያልፍ ነበር፤ ጥቂት ቤት ያለበት መንደር ይቸገር ነበር። በዌልስ ፌርቦርን የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። በዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ መከላከያዋ መጠገኑ እንደሚቆም የሚያመለክት ዕቅድ ወጣ። ነዋሪው መሄጃውን ሳያውቅ፣ ካሣ ሳይወሰንለት ወሬው ስለቀደመ የቤቱ ዋጋ ወረደ፤ በባንክ ብድር የሚገዛውም ጠፋ። ዕቅዱ በሳይንስ በኩል ምክንያት ነበረው። ሰውን የጎዳው አነጋገሩ ነው።

ፈጥነን እንሥራ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሆላንድ ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል? አሁን የካቲት ነው። የበልግ ዝናብ ደጃፍ ላይ ነው፣ ከሰኔ ጀምሮ ክረምት ነው። በ2013 ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ የሰው ሕይወት መውሰዱን ረሳችሁት? ጥያቄ እየደረደርን ስንከራከር የእናታችን ማዕድ ቤት ወንዝ ውስጥ ይገባል። ያለው ያዋጣ፣ የሌለው ጉልበቱን ይስጥ፣ ግንቡ ይሠራ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

መሐንዲስ ከቀበና
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ ስጋትህ ስጋቴ ነው። ነገር ግን ሁለት ሥራዎችን ለይተን እንያቸው። አንደኛው ለዚህ ክረምት የሚሆን ጊዜያዊ መከታ ነው። ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ ሳጥን የታሰረ ድንጋይ፣ በአጭር ጊዜ ይደረደራል። ውሃ በመሐሉ ስለሚያልፍ ከኋላ አይጠራቀምም፤ መሬቱ ሲሰምጥም አብሮ ይጎብጣል እንጂ እንደ ሲሚንቶ ግንብ ባንዴ አይሰበርም። ለዚህ ረጅም ክርክር አያስፈልግም፤ ቅዳሜ ተስማምታችሁ መጋቢት ላይ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ቋሚው ግንብ ነው። የዚህ ችግር ደግሞ የበጀት ዓመቱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ በዚያ ጊዜ ወንዙ ሞልቷል። ጨረታው ወጥቶ፣ ተወዳድሮ፣ ውል እስኪፈረም በጋው ይጋመሳል። ቁፋሮ ሲጀመር በልግ ይደርሳል፣ መሠረቱ በጥድፊያ ይሞላል። ቋሚውን ለጥቅምት ለማስጀመር ንድፉና የጨረታ ሰነዱ በዚህ ክረምት ማለቅ አለባቸው። ወረዳውን የምትጠይቁት ይህን የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ታችኛው ሰፈር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

እኛ ግንፍሌ ከቀበና ጋር ከተገናኘ በኋላ ባለው ዳርቻ የምንኖር ነን። ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ እኛን ያስታወሰ ሰው አላየሁም።

ከበላያችን አንድ ግንብ በተሠራ ቁጥር ወንዙ እየጠበበና እየፈጠነ ወደ እኛ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ከፍ ብሎ የሚገኝ አንድ ባለ ይዞታ ወደ ወንዙ ገፋ አድርጎ ግንብ ሠራ፤ በዚያው ክረምት ፊት ለፊቱ ያለው የእኛ ዳርቻ ተቆርጦ ሄደ። ፍራሹ፣ የላስቲክ ጠርሙሱ፣ የዛፍ ግንዱ ሁሉ ከላይ መጥቶ ድልድያችን ሥር ይሰነቀራል፤ ያኔ ውሃው በመንገዱ ላይ ይወጣል። ስብሰባው የእናንተን ወረዳ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ወንዙ የወረዳ ድንበር አያውቅም። እኛም እንጠራ። መብታችሁን አንነካም፤ እናንተ ስትድኑ እኛ እንዳንጠፋ ነው የምንለምነው።

ግንፍሌ ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡45

ታችኛው ሰፈር፣ እውነትህን ነው። ይህን ቅዳሜ ከሁሉ በፊት አነሣዋለሁ። መሐንዲስ፣ ዛሬ ወርጄ አይቼ ነበር። ቆሞ ከቀረው ግንብ ሥር ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁት፣ መጨረሻውን አልነካሁም። ቱቦ ደግሞ አንድም የለውም። ቦታው ወንዙ የሚታጠፍበት ነው።

መሐንዲስ ከቀበና
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

እንግዲያው ሁለቱም ምክንያቶች አሉበት። ፎቶ አንሥተሽ፣ ሜትር ዘርግተሽበት ሌላም አንሺና አሳትመሽ ይዘሽ ግቢ። የታችኛው ሰፈር ሰው ያለውም በምህንድስና ትክክል ነው። መፍትሔው ግንቡን ወደ ወንዙ አለመግፋት ነው፤ እንዲያውም ቦታ ከተገኘ ትንሽ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ በጎርፍ ጊዜ ውሃው የሚተኛበት መደብ መተው። ይህ ከማንም ጓሮ ጥቂት ሜትር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መስመሩንም ተወያዩበት።

የእድር ጸሐፊ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

በኮብልስቶን ጊዜ መዋጮ ካሰባሰቡት አንዱ ነኝ፤ የማውቀውን ልናገር። ስብሰባ ላይ ስም የሚመዘገብበት ወረቀት ይዞራል። ሰው ሁሉ «መጥቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ከወራት በኋላ ያው ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ተያይዞ «ነዋሪው ተስማምቶ ፈርሟል» ተብሎ ይቀርባል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቅዳሜ ከመፈረማችሁ በፊት የወረቀቱን ራስጌ አንብቡ። ባዶ ከሆነ «የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር» ተብሎ ይጻፍበት። ስምምነት ካለ በሌላ ወረቀት፣ ምን ላይ እንደተስማማችሁ ከላዩ ተጽፎ ይፈረም።

ገንዘቡንም በግለሰብ እጅ አትስጡ። በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ ከሦስቱ አንዱ ከቀበሌ ቤት ነዋሪዎች፣ አንዷ ከዳርቻው ካሉት እናቶች ይሁኑ። የገቢና ወጪው ዝርዝር በየወሩ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አቅም የሌለውን ቤት ማን ማን እንደሆነ እድሩ ያውቀዋል፤ በአደባባይ ሳይጠራ፣ ሳያፍር ነጻ ይደረግ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ብዙ ሰው ገበያና ሥራ ላይ ነው። የማይመጡት አዛውንቶችና በቤት ሠራተኝነት ያሉ ልጆች ናቸው። ቤት ለቤት ሄደን ሐሳባቸውን እንቀበል።

ሕግ አጥኚ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡15

ይህ ልመና እንዳይመስላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጉዳይ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ግምገማ በሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ላይ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይላል። ለሠላሳ ሜትር ግንብ ሙሉ ግምገማ ያስፈልጋል አላልሁም። ነገር ግን ጥናትና ንድፍ ካለ አሳዩን ማለት መብታችሁ ነው። በጽሑፍ ጠይቁ፣ የገባበትን ቀንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ።

ግንፍሌ ማዶ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

ከስብሰባው መጥቼ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከከተማው አንድ ባለሙያ መጥተዋል። የዋጋ ግምት ተዘጋጅቷል፤ ግምቱ የተሠራው ግን የድሮውን ግንብ በድሮው ልክ መልሶ ለመሥራት ነው። ፎቶዎቹን ሰጠኋቸው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ የገባበትን ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ሳይቆፈርና ሳይታይ ግምቱ አይጸናም» አሉ። እሳቸው ይህን ካሉ በኋላ የስብሰባው መንፈስ ተለወጠ።

የተስማማነው፦ ጋቢዮኑ ከመጋቢት ጀምሮ ይደረደራል፤ ድንጋዩንና ሽቦውን ከተማው ያቀርባል፣ ጉልበቱን እኛ። ቋሚው ግንብ መሠረቱ ተቆፍሮ ከታየና አዲስ ንድፍ ከመጣ በኋላ በሁለተኛ ስብሰባ ይወሰናል፤ መዋጮም እስከዚያ አይሰበሰብም። የስም ወረቀቱ እንደተባለው ራስጌው ባዶ ነበር፤ አስጻፍነው።

ያልተመለሰ ጉዳይ አለ። የቀበሌ ቤቶችን ድርሻ አከራዩ መንግሥት ይችል እንደሆነ ስንጠይቅ «ለበላይ አካል እናቀርባለን» ተባልን። ዳርቻው በወንዝ ዳርቻ ልማቱ ዕቅድ ውስጥ ይኑር አይኑርም ማንም ቁርጡን አልነገረንም። ሁለቱንም በጽሑፍ ጠይቀን ቅጂውን አስቀርተናል። ያለ እነዚህ መልሶች ለቋሚው ግንብ አንድ ብር እንደማናዋጣ በቃለ ጉባኤው ገብቷል።

የቀበሌ ቤት ነዋሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

እኔም ነበርሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የእኔን ጥያቄ እንደ ራስሽ አድርገሽ ነው ያነሣሽው። ለጋቢዮኑ ጉልበት ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ስማችንን አስመዝግቤአለሁ።

ታችኛው ሰፈር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

እኛን በተመለከተስ ምን ተባለ?

ግንፍሌ ማዶ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡15

በሁለተኛው ስብሰባ ከእናንተ ሦስት ተወካዮች እንዲገኙ ተወስኗል። ንድፉ ሲመጣ ለእናንተ ወረዳም ቅጂ ይላካል። ከሦስቱ አንድ ሰው ቢቻል የድልድያችሁን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ ይዞ ይምጣ። ቃለ ጉባኤውን ሰኞ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ እንወስዳለን፤ እንዳገኘነው እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ታችኛው ሰፈር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

እንመጣለን። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩን ሰብስበን ሦስቱን እንመርጣለን።